ለዓለም መታመንና ለአንድ ሰው መታመን፤ ስለ አንድ የጃፓን ፊልም

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ስድስት ሆነን፣ ግማሾቻችን አልጋ ላይ ግማሾቻችን መሬት ላይ ተቀምጠን፣ በአንዲት ጠባብ ዶርም ውስጥ «የሰላዩ ሚስት» የተባለውን የጃፓን ፊልም አየን። ፊልሙ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ክርክሩ ግን እስኪነጋ ወሰደን፤ በማግሥቱ የምሳ ሰልፍ ላይ ቀጠለ፤ ሁለቱ ባልደረቦቻችን እነሆ እስከ ዛሬ በደህና አይነጋገሩም። ጥያቄው አጭር ነው፦ ታማኝነቴ ለሰው ልጅ ሁሉ ነው የሚል ሰው፣ ከጎኑ ላለው ለአንዱ ሰው የታማኝነት ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? ያ ሌሊት ያልፈታውን ነገር ይህች ገጽ ትፈታዋለች ብለን አንመካም። በቃል ሲወራ የሚያመልጥ ነገር አለና፣ በጽሑፍ ስናሰፍረው ምን እንደሚመስል እንይ ብለን ነው።

ፊልሙን ያላያችሁ ባልንጀሮቻችን ይቅርታ አድርጉልን፤ ታሪኩን እስከ ፍጻሜው እንናገራለን። ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የፊልሙ ዳይሬክተር ኪዮሺ ኩሮሳዋ ነው፤ ከስመ ጥሩው ከአኪራ ኩሮሳዋ ጋር የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና የለውም። ፊልሙ በ2020 ወጣ፤ በዚያው ዓመት በቬኒስ ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተርነትን ሽልማት አስገኘለት። የሰላይ ፊልም ነው ሲባል ተኩስና ሩጫ የሚጠብቅ ሰው ግን አይቀናውም። አብዛኛው ነገር የሚካሄደው ቤት ውስጥ፣ በባልና ሚስት መካከል ነው።

ዘመኑ 1940፣ ቦታው ኮቤ የተባለችው የወደብ ከተማ ነው። ዩሳኩ ፉኩሃራ አስመጪና ላኪ ነጋዴ ነው፤ አገሩ በሙሉ ወታደር ወታደር በሚሸትበት ጊዜ እርሱ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ ውስኪውን እየጠጣ፣ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ይነግዳል። ሚስቱ ሳቶኮ ባሏን የምትወድ፣ በምቾት የምትኖር ወይዘሮ ናት። ሰውየው በትርፍ ጊዜው በትንሽ ካሜራ ፊልም ማንሳት ይወዳል፤ ሚስቱንም ጭምብል አጥልቃ ካዝና የምትሰርቅ ሌባ አድርጎ ቀርጿታል። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን። ከሳቶኮ ጋር አብሮ ያደገ ታይጂ የሚባል ሰው ደግሞ አለ፤ እርሱ አሁን ኬምፔይታይ በሚባለው በጦር ፖሊስ ውስጥ አለቃ ሆኗል።

ዩሳኩ ከወንድሙ ልጅ ከፉሚዮ ጋር ለንግድ ወደ ማንቹሪያ ይሄዳል። ማንቹሪያን የጃፓን ጦር በ1931 የወረራት፣ በማግሥቱም ዓመት የአሻንጉሊት መንግሥት ያቋቋመባት የቻይና ምድር ናት። ሁለቱ ሰዎች እዚያ ማየት የማይገባቸውን ያያሉ፤ የሠራዊቱ ሐኪሞች በሕያዋን እስረኞች ላይ የበሽታ ሙከራ ሲያደርጉ። አንድ ማስታወሻ ደብተርና አንድ ጥቅል ፊልም ይዘው ይመለሳሉ። የዩሳኩ ሐሳብ ደብተሩን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ፣ ማስረጃውን አሜሪካ አድርሶ፣ ዓለም እንዲያየው ማድረግ ነው።

ይህ የፊልም ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ከሐርቢን ከተማ አጠገብ ፒንግፋንግ በሚባል ቦታ፣ ሺሮ ኢሺ በተባለ የጦር ሐኪም የሚመራ «ክፍል 731» የሚሉት ድርጅት በእርግጥ ነበረ። የበሩ ላይ ስሙ የወረርሽኝ መከላከያና የውሃ ማጣሪያ ነው። ውስጡ ግን ወረርሽኝ ይመረት ነበር። እስረኞቹ በብዛት ቻይናውያን ነበሩ፤ ሩሲያውያንም ኮሪያውያንም ነበሩባቸው። በቸነፈርና በኮሌራ ይበክሏቸዋል፤ የበሽታውን አካሄድ ለማየት ሲሉ በሕይወታቸው ሳሉ ይቀዷቸዋል። የሞቱት ቢያንስ ሦስት ሺህ ይሆናሉ ይባላል። ሠራተኞቹ እስረኞቹን በስማቸው አይጠሯቸውም፤ «ማሩታ» ነው የሚሏቸው፤ ትርጉሙ ግንድ ማለት ነው። እንጨት። ይህን ቃል ስንሰማ ክፍሉ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። ሳቶኮ ነገሩን ባወቀች ጊዜ አገርህን ልትሸጥ ነው ትለዋለች። አሜሪካ በዚህ ምክንያት ጦርነት ብትከፍት የሚያልቀው ያገራችን ሰው አይደለም ወይ፣ እኔስ የሰላይ ሚስት ልባል ነው ወይ፣ ደስታችንስ? ባሏ የሚመልስላት እኔ የዓለም ሰው ነኝ፣ ታማኝነቴም ለአንድ አገር ሳይሆን ለሰው ልጅ ሁሉ ፍትሕ ነው የሚል ነው። ሰላይ መባልንም አይቀበልም፤ ማንም አላከኝም፣ በገዛ ፈቃዴ ነው የማደርገው ይላል።

የአገር ክህደቱን ጉዳይ እኛ ብዙ አንደክምበትም። ሰው ቀዶ የሚያይ መንግሥት ምሥጢሩ ቢወጣበት ተከዳሁ የማለት መብት የለውም። በዚህ ላይ ከስድስታችን አምስቱ አንድ ነን። ስድስተኛው ግን እንዲህ አለ፦ ምሥጢር ማውጣት ሌላ፣ ባዕድ መንግሥት መጥቶ አገሬን ይምታልኝ ማለት ሌላ። የፊልሙ መጨረሻ ላይ በመጋቢት 1945 ኮቤ በቦምብ ስትነድ የሚሮጡት ሰዎች ማንቹሪያ የት እንዳለች እንኳ የማያውቁ ናቸው፤ ለነሱስ ማን አሰበላቸው? አልመለስንለትም። ቦምቡን ያመጣው ያ ደብተር እንዳልሆነ ግን ግልጽ ነው።

ላንድ አፍታ ከፊልሙ ወጥተን በእውነት የኖረ ሰው እናንሳ። ሆትሱሚ ኦዛኪ የአሳሂ ጋዜጣ ሰው፣ የቻይና ጉዳይ ዐዋቂ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የልዑል ኮኖዬ መንግሥት አማካሪ ነበር። ያን ሁሉ ሆኖ ሳለ ቶኪዮ ውስጥ የጀርመን ጋዜጣ ወኪል መስሎ ለሶቪየት ኅብረት ጦር ይሰልል ለነበረው ለሪቻርድ ሶርጌ ምሥጢር ያቀብል ነበር። ሁለቱም በጥቅምት 1941 ተያዙ፤ ሁለቱም ኅዳር 7 ቀን 1944 በሱጋሞ እስር ቤት ተሰቀሉ። ኦዛኪ ከእስር ቤት ለሚስቱና ለልጁ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በ1946 በመጽሐፍ ታትመው ሕዝቡ ተሻማባቸው። እስቲ አስቡት፣ ሚስትየዋ የምታውቀው ጋዜጠኛ ባል ነበራት። ሌላውን ሰው የነገራት ፖሊስ ነው።

በዚያው በ1946 አኪራ ኩሮሳዋ ከኦዛኪ ታሪክ ተነሥቶ ስለ ኪዮቶ ተማሪዎች አንድ ፊልም ሠርቷል። ሰላይ ተብሎ የሞተው ሰው ወዳጅ የነበረችው ሴት፣ ፒያኖ የለመደ ጣቷን ይዛ ወላጆቹ ወዳሉበት ገጠር ትሄዳለች፤ መንደሩ የሰላይ ቤት ብሎ ያገለላቸውን ሽማግሌዎች ተጠግታ ከእናቱ ጋር ሩዝ ትተክላለች፤ ጎረቤቶች ሌሊት ይረጋግጡባቸዋል፤ እንደገና ትተክላለች። ግሩም ነው። ነገር ግን ሟቹ ምን እንደሠራ፣ ምሥጢሩንም ለማን እንደሰጠ ፊልሙ አይነግረንም፤ ስለዚህ ሰውየውን መውደድ ምንም አያስከፍለንም። የኋለኛው ኩሮሳዋ ይህን ዓይነት ምቾት አልሰጠንም። የሰውየውን ሥራ ያሳየናል፣ ዋጋውንም ያሳየናል።

ዋጋው የሚጀምረው ከፉሚዮ ነው። ሳቶኮ ባሏ በሌለበት ካዝናውን ከፍታ ደብተሩን ታወጣና ሄዳ ለታይጂ ትሰጠዋለች። ፉሚዮ ይያዛል፤ ጥፍሩን ይነቅሉታል፤ ሁሉንም እኔ ብቻዬን ነኝ ያደረግሁት ብሎ አጎቱን ያድናል። ዩሳኩንም ጠርተው የተነቀሉትን ጥፍሮች ያሳዩታል። ቤቱ ሲመለስ ሳቶኮ ምን ብትለው ጥሩ ነው? የእንግሊዝኛው ትርጉም በእጄ ነው፣ ፊልሙም በእጄ ነው፤ ፉሚዮ እንደማይከዳህ ስለማውቅ አንተን ከጥርጣሬ ለማውጣት እርሱን ሰጠሁ። አሁን አብረን አሜሪካ እንሂድ። ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቷል።

ክርክራችን የጦፈው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህችን ሴት የባሏ ሰለባ ብቻ አድርጎ ያያታል። እኛ ግን ከባሏ የተማረችውን ነው ያደረገችው እንላለን። አንድ ትልቅ ነገር ካለ፣ ለዚያ ነገር ሲባል አንድ ሰው ሊወጣ ይችላል፤ ልክ ገንዘብ ከኪስ እንደሚወጣ። ከትናንት ወዲያ ፍትሕ የሚባለውን ነገር የማታውቅ ወይዘሮ፣ ትምህርቱ ሲገባት መጀመሪያ የመነዘረችው የባሏን የወንድም ልጅ ሆነ።

ቀጥሎ የሷ ተራ ይደርሳል። አብረው ከሄዱ ይያዛሉና ተለያይተው ለመውጣት ይስማማሉ። እርሱ በሻንጋይ በኩል፣ እርሷ ደግሞ የፊልሙን ጥቅል ይዛ በጭነት መርከብ፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ተደብቃ። ሣጥን ውስጥ ትገባለች። መርከቡ ሳይንቀሳቀስ፣ ስሙን ያልገለጸ ሰው ጠቁሟልና፣ የጦር ፖሊሶቹ መጥተው ሣጥኑን ይከፍቱታል። ታይጂ ጥቅሉን ማስረጃ ነው ብሎ በአለቆቹ ፊት ያሳያል። በመጋረጃው ላይ የወጣው ያ ጭምብል ያጠለቀች ሌባ ካዝና የምትከፍትበት የቤት ውስጥ ጨዋታ ነው! ጥቅሉን የለወጠው ባሏ ነው። ጠቋሚውም ባሏ ነው። ሳቶኮ ነገሩ ሲገባት ጮኻ ድንቅ ነው ትልና ራሷን ስታ ትወድቃለች። ዩሳኩ በጉም ውስጥ ከሚርቅ ጀልባ ላይ ሆኖ ባርኔጣውን ያውለበልባል።

ከሁለቱ ኩርፊያ ላይ ካሉት ባልደረቦቻችን አንዱ እንዲህ ይላል፦ አዳናት እኮ! በእጇ የተገኘው ምንም ጉዳት የሌለው ጨዋታ ነው፤ ስለዚህ ማንም አይሰቅላትም። እውነተኛውን ፊልም ይዛ ቢሆን ኖሮ አብቅቶላት ነበር። ሌላው ደግሞ፦ ወጥመድ ላይ እንደሚደረግ ሥጋ አድርጓታል፤ ፖሊሱ ሣጥኗን ሲከፍት እርሱ በሌላ በኩል አመለጠ፤ ይኸው ነው። ፊልሙ ለማንኛቸውም አይፈርድም፤ ምናልባት ሁለቱም እውነት ነው። ሰው አንድን ሥራ በሁለት ምክንያት ሊሠራ ይችላል፤ ለራሱ የሚነግረው የሚያምረውን ነው።

ከመካከላችን አንዱ ነገሩን ወደዚያ ወደ «ግንድ» መለሰው። ሐኪሞቹ ሰውን ለዓላማ እንደ እንጨት ተጠቀሙ፤ ዩሳኩም ሚስቱን ለዓላማ ሣጥን ውስጥ ከተታት፤ ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው አለ። ይህን አባባል አንቀበለውም፤ ሁሉንም ኃጢአት እኩል የሚያደርግ ስብከት በመጨረሻ የሚጠቅመው ታላቁን ወንጀለኛ ነው። ሦስት ሺህ ሰው ፈጅቶ ጦርነት ሊያሸንፍ በሚፈልግና፣ ያን ለማጋለጥ አንድ ሰው አደጋ ላይ በሚጥል መካከል ያለው ርቀት የሰማይና የምድር ነው። ነገር ግን ነገሩን ስናብላላው አንድ ነገር አልለቀን አለ። መሥዋዕትነቱ አይደለም የሚያንገበግበው። ሳቶኮ እኮ ተዘጋጅታለች፤ ሣጥን ውስጥ የገባችው በእግሯ ነው። «አንቺ ትያዢያለሽ፣ እኔ አልፋለሁ፣ ማስረጃው ይደርሳል» ቢላት እሺ ባለች ነበር፤ ይህን ፊልሙን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። እርሱ ግን አልጠየቃትም። እሺ የምትለውን ሰው እሺ የማለት ዕድሏን ነፈጋት። እንግዲህ የዓለም ሰው ነኝ ያለው ሰው፣ በዚያ በትልቁ ዓለም ውስጥ ሚስቱን አልቆጠራትም ማለት ነው።

ደግሞስ ይህ ዓለም የሚባለው ማነው? ዩሳኩ ማስረጃው ከደረሰ ዓለም ይፈርዳል ብሎ አምኗል። በዚህ እምነቱ አንስቅበትም፤ እኛም አገር ይህ እምነት ነበረ። መርዝ ጋዝንም የበሽታ ጀርምንም በጦርነት የሚከለክለው ስምምነት አንድ ነው፤ በ1925 ጄኔቭ ላይ የተፈረመው። ጣልያን ፈርማ አጽድቃው ሳለ በ1935ና በ1936 በሰውና በከብት ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነበችብን፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 30 ቀን 1936 በዚያችው በጄኔቭ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ነገሩን ተናገሩ። የሆነውን ታውቁታላችሁ። ጃፓንም በዚያው ዓመት አዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ዝቅ አድርጋ የጣልያንን ወረራ በተግባር ተቀበለች፤ ጣልያን በበኩሏ የማንቹሪያውን የአሻንጉሊት መንግሥት በ1937 ዕውቅና ሰጠችው። ብድር በብድር።

የዩሳኩ አሜሪካስ? ይህን ፊልሙ አይናገረውም፤ እኛ ግን ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ማስረጃው አሜሪካ ደረሰ፤ ያውም ከራሳቸው ከሐኪሞቹ እጅ። የአሜሪካ መንግሥት የሙከራውን ውጤት ለራሱ ማግኘት ፈለገ፤ በልዋጩም ኢሺንና ባልደረቦቹን ከክስ ነጻ አደረጋቸው። ሶቪየቶች በታኅሣሥ 1949 በካባሮቭስክ 12 ጃፓናውያንን ለፍርድ ቢያቀርቡ ምዕራቡ ዓለም ፕሮፓጋንዳ ነው ብሎ ናቀው። ኢሺ በ1959 በሕመም ሞተ። ከሐኪሞቹ አንዳንዶቹ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። ጃፓን ውስጥ ነገሩን ለተማሪ ማስተማር ራሱ ሙግት ሆኖ፣ የታሪክ ምሁሩ ሳቡሮ ኢዬናጋ በመማሪያ መጽሐፉ ምክንያት ከ1965 እስከ 1997 ለ32 ዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሰ፤ በመጨረሻ የትምህርት ሚኒስቴር የክፍል 731ን ነገር አውጣ ማለቱ ከሕግ ውጭ ነበር ተብሎ ተፈረደለት። ኢዬናጋ የከሰሰው በስሙ ነው፤ በሣጥን ያሳፈረው ሰው የለም።

እንግዲህ ዩሳኩ ሚስቱን የሰጠላት ያች ዓለም እርሱ ያሰባት ዓለም አልነበረችም። ነገሩን ቀድሞ ማወቅ አይችልምና በዚህ አንከሰውም። ግን ጥያቄያችን ይከብዳል፦ ዳኛው ላይመጣ ይችላል፤ ሚስት ግን አለች፤ በ1945 በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ተቀምጣለች። ሊጠይቃት ለመጣው ሰው እኔ እብድ አይደለሁም፣ በዚህ አገር ግን እብድ አለመሆን ራሱ እብደት ነው የሚል ዓይነት ነገር ትነግረዋለች። ከተማዋ ስትነድ ወደ ባሕሩ ዳር ወጥታ ብቻዋን ታለቅሳለች። ከዚያ በኋላ ሁለት መስመር ጽሑፍ ይወጣል፤ የዩሳኩ ሞት በ1946 እንደተረጋገጠ፣ ወረቀቱ ግን የተጭበረበረ ሊሆን እንደሚችል፣ ሳቶኮም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አሜሪካ እንደሄደች። ልትወቅሰው ይሁን ልታቅፈው አይነግሩንም።

አሁን ስለ ራሳችን። ይህን ባንጽፍ ደስ ይለን ነበር፤ ሳንጽፈው ብንቀር ግን ከላይ ያልነው ሁሉ ወሬ ይሆናል።

ከኛ አንዱ፣ የት ትምህርት ቤት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፣ ያለ ጥፋታቸው ስለተባረሩ ሁለት ተማሪዎች አቤቱታ አባዝቶ ነበር። ወረቀቱን ከግቢ ማውጣት ነበረበት፤ እርሱ ደግሞ በር ላይ ይታወቃል። ስለዚህ በቆሻሻ ልብስ ሥር አድርጎ ለዶርም ጓደኛው «እህቴ ልብስ ታጥብልኛለች፣ ስትወጣ አድርስልኝ» አለው። ዘበኛው ፈተሸ። ጓደኛው ቦርሳው የራሴ ነው አለ፤ የማን እንደሆነ ሲጠይቁትም አልተናገረም። አንድ ሴሚስተር ቀጡት። አገሩ ገብቶ ለወላጆቹ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል ብሎ ነው የከረመው። አቤቱታው በሌላ መንገድ ወጣ፤ ሁለቱ ተማሪዎችም ተመለሱ። ስለዚህ ባለቦርሳው ያን ዓመት ሙሉ ጉዳዩ ትክክል ነበር እያለ ኖረ። ጉዳዩ ትክክል ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚቀድመው ይህ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ፣ ይቅርታው አልተጠየቀም።

ያ ጓደኛችን ከስድስታችን አንዱ ነው። ያን ሌሊት ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየ፤ ስንጮህ አልጮኸም። አንዱ ወገን ባልየው አድኗታል ሲል፣ ሌላው ወገን ሸጧታል ሲል፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሆን ሲል ተነሥቶ ፎጣውን ከአልጋው ራስጌ አነሣ።

«እሷስ ቢያንስ ሣጥን ውስጥ መሆኗን ታውቅ ነበር» አለና ውሃ ሳይሄድ ልታጠብ ብሎ ወጣ።